ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ገበያ

የአንድ ከተማ ታላቅ በዓል ለነዋሪውና ለነጋዴው ምን ያመጣል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በእንግዳ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ሰው መጣ፣ ይህን ያህል አልጋ ተያዘ፣ ይህን ያህል ብር ገባ ይባልና ሒሳቡ ይዘጋል። ወልድያን በዚህ ሒሳብ ለመረዳት የሚሞክር ሰው ግን ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ወልድያ በዓል ማስተናገድ የቻለችው፣ ከበዓልም እንጀራ ያገኘችው፣ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ስለበዛላት ብቻ አይደለም። ነዋሪዎቿ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በዓልን በየተራ ስለተሸከሙ ነው። አንዱ ሲያከብር ሌላው ሱቁን ይከፍታል፤ አንዱ ሲደግስ ሌላው ይሸጣል፣ ያግዛል፣ ይጋበዛል። የወልድያ፣ የመርሳና የመላው ሀብሩ የበዓል ገበያ የቆመው በዚህ መተካካት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማዋ በበዓል የተጎዳችባቸውን ጊዜያት ስንመረምርም፣ ጉዳቱ ከእንግዳ ማነስ ይልቅ በዓሉ ከነዋሪው እጅ ወጥቶ የሌላ ሰው ጉዳይ ከመሆኑ የመጣ ሆኖ እናገኘዋለን።

መነሻው የቦታው አቀማመጥ ነው። ወልድያ ደጋና ቆላ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል የግዳን፣ የመቄትና የላስታ ደጋ ገብሱን፣ በጉንና ማሩን ይዞ ይወርዳል፤ ከደቡብ የሀብሩ ቆላ ጤፉን፣ ማሽላውንና ፍራፍሬውን ያመጣል፤ ከሰሜን የራያ ቆቦ ሜዳ ከብቱን ይነዳል፣ በቆቦና በግራና ሸለቆ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትም ወደዚሁ ገበያ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የአፋር ቆላ አለ፤ ጨው ለዘመናት ወደ ወሎ ደጋ የወጣው ከዚያ ነው። እነዚህን ዕቃዎች አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው የበዓል አስቤዛ ያገኛል፤ የሚታረደው፣ የሚጠመቀው፣ ለወጡ የሚቁላላው ሁሉ ከአንድ ቀን መንገድ ባልራቀ አገር ይመጣል። ገበያውን የሚያገናኙት እጆችም የአንድ እምነት እጆች አልነበሩም። ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም አይሻል ላይ በካሳ ኃይሉ እስኪሸነፉ ድረስ የጎንደርን ዙፋን በእንደራሴነት ያስተዳደሩት የየጁ መሳፍንት ከዚሁ አገር የወጡ ናቸው። ክርስትና ቢነሱም የሙስሊም ዘመዶቻቸውን አልካዱም፤ የመጨረሻው ራስ አሊ እናት እቴጌ መነን ሊበን አመዴ የወሎ ሙስሊም ባላባቶች ልጅ ነበሩ። በአንድ ቤት ሁለት እምነት መኖሩ በየጁ የተለመደ ነገር ስለሆነ በአንድ ገበያ ሁለት በዓል መዋሉም ማንንም አላስገረመም።

ይህ ነገር በቅርብ የሚታየው በድግስ ቤት ነው። በወልድያም ሆነ በመርሳ ሰርግ የሚደግስ ክርስቲያን፣ ሙስሊም ጎረቤትና ዘመድ አለው፤ ስለዚህ የሚታረደው ከብት አንድ ብቻ አይሆንም። ለክርስቲያኑ እንግዳ በስመ አብ ተብሎ ይታረዳል፤ ለሙስሊሙ እንግዳ ሙስሊም አራጅ ተጠርቶ ቢስሚላህ ብሎ ይባርካል። ቢላዋው ይለያል፣ ድስቱ ይለያል፣ ወጡን የሚሠሩት ሴቶች ይለያሉ፤ ሥጋው እንዳይቀላቀል የሚጠብቅ ሰው እስከ መመደብ ይደርሳል። ሙስሊሙ ሲደግስም እንዲሁ ነው። የሃይማኖት አባቶች ይህን ልማድ የሚያዩት ከመከባበር አንጻር ነው፤ ትክክልም ናቸው። እኔ ግን ብዙ ሰው ልብ ያላለውን የገበያ ጎኑን ማንሳት እፈልጋለሁ። አንዱ በግ ሁለት ይሆናል። ከአንድ ሉካንዳ ይገዛ የነበረው ከሁለት ይገዛል። ሥጋው ብቻ ሲለይ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ቅቤው፣ እንጀራው፣ እንጨቱና ከሰሉ ግን የሻጩ ሃይማኖት ሳይጠየቅ ከተገኘበት ይሸመታል። ድንኳን የሚያከራየው፣ ሳህን የሚያውሰው፣ ውኃ የሚቀዳው ከሁለቱም ወገን ነው። በሌላ አገር የሥጋ ልዩነት የገበያ አጥር ሆኖ ይታያል፤ በዚህ አገር ግን አንዱን ድግስ የሁለት ድግስ ያህል ገበያ ያደርገዋል፤ ወጪው የደጋሹ ቢሆንም ዕድሩና ጎረቤቱ ስለሚጋሩት አያጎብጠውም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ተቃውሞ አለ። በዓል ሥራ ያስፈታል፣ ገበሬውንም ያደኸያል የሚል ነው፤ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የተማረው ሰው ደጋግሞ ያነሳው ነው። በወር ውስጥ አቦ አለ፣ ሥላሴ አለ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ አለ፤ ቅዳሜና እሑድ ሲጨመር በሬ የሚጠመድበት ቀን ያንሳል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ዝናብ በሚያጥርበት በወሎ ቆላ አንድ የእርሻ ቀን መዝለል መከር ሊያሳጣ ይችላል። ነገር ግን በዓል የሚከለክለው ምን እንደሆነ በደንብ መታየት አለበት። የሚከለክለው ማረስን፣ ማጨድን፣ መውቃትን፣ መፍጨትን ነው። ገበያ መሄድን፣ ዕዳ መክፈልን፣ ሽምግልና መቀመጥን፣ በግ መንዳትን አይከለክልም። ገበሬው በሬውን በፈታበት ቀን ወደ ከተማ ይወርዳል፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ጋዝ፣ ለልጁ ልብስ የሚገዛው ያኔ ነው። ለእርሻው የባከነ የሚመስለው ቀን ለከተማው የንግድ ቀን ነው። የወልድያ ባለሱቅ ኑሮ የተመሠረተው ገበሬው ባላረሰባቸው ቀናት ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። በዓላቱ ይቀነሱ የሚሉት ወገኖች የእርሻውን ሒሳብ ሠርተው የገበያውን ሳይሠሩ ቀርተዋል፤ ሁለቱን አስልቶ በዓሉ ይበዛል የሚል ሰው ቢመጣ ግን ሊደመጥ ይገባዋል።

የሱቁ ነገርም እንዲሁ ነው። ከተማው ሙሉ በሙሉ የአንድ እምነት ቢሆን ኖሮ ፋሲካ ወይም አረፋ በዋለ ቁጥር ሁሉም በሩን ዘግቶ ይውል ነበር። ወልድያ ላይ ግን የጥምቀት ለት ጨው ያለቀበት፣ ላምባ ወይም መድኃኒት የፈለገ ሰው የሚሄድበት ሱቅ አያጣም፤ የኢድ ለትም እንዲሁ። ይህ መተካካት ለረጅም ጊዜ በሕግ ያልተደገፈ፣ ሰዎች በመካከላቸው የተስማሙበት ነገር ነበር። እስከ አብዮቱ ድረስ መንግሥት የሚያውቀው የክርስቲያኑን በዓል ብቻ ስለነበር ሙስሊሙ ነጋዴ ሱቁን በራሱ ፈቃድ ይዘጋል፣ ሙስሊሙ ተማሪና የቢሮ ሠራተኛ ግን በኢድ ቀን ከሥራው አይቀርም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የመንግሥት በዓል ሆነው ታወጁ። ለወልድያ ዓይነት ከተማ ይህ አዋጅ ያመጣው አዲስ ልማድ አልነበረም፤ ጎረቤታሞች ሲሠሩበት የኖሩትን ነገር መንግሥት ዘግይቶ አወቀላቸው።

የሙስሊሙ በዓል ለገበያው የሚያደርገው ሌላ ነገርም አለ፤ ሲጻፍበት ብዙ አልታየም። የክርስቲያኑ ታላላቅ በዓላት ቦታቸው የታወቀ ነው፤ ገናና ጥምቀት ከመከር በኋላ፣ እህል በጎተራ ሳለ ይውላሉ። የሙስሊሙ አቆጣጠር ግን በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ እየሳበ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። በ2013 ዓ.ም አረፋ የዋለው በሐምሌ ነበር። ሐምሌ ገበሬው ለማዳበሪያና ለቀለብ ብር የሚቸገርበት፣ የከተማው ገበያም የሚቀዘቅዝበት ወር ነው፤ በዚያ ሰዓት የአረፋ በግ ፈላጊ መምጣቱ ለደጋው በግ አርቢ ትልቅ ነገር ነው። መውሊድም በተራው ሌላ ገበያ ይከፍታል። በደቡብ ወሎ ሼህ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቱት ጀማ ንጉሥ በመውሊድ የታወቀ እንደሆነ ሁሉ፣ በየጁ የዳና ሐድራ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ደረሳና ዘያሪ የሚሰበሰብበት ነው። ስለት ያለበት ሰው ሰንጋ ይነዳል፤ ሌላው ቡና፣ ዕጣን፣ ጫት ይዞ ይሄዳል፤ ሌሊቱ በመንዙማና በድቤ ይነጋል። ስለት ይዘው ከሚመጡት መካከልም ክርስቲያን አይጠፋም። ወደ ዳና የሚሄደው ይህ ሁሉ ከመርሳና ከወልድያ ገበያ የሚሸመት ነው።

ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ የሚታየው በገና ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ የክርስቶስ ልደትና የቅዱስ ላሊበላ ልደት አብረው ይከበራሉ፤ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ ለማየት ከየአገሩ ሕዝብ ይጎርፋል። ከአዲስ አበባ በመኪና ለሚመጣው ምዕመን ወልድያ በር ናት። 520 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ በድሮው አውቶቡስ ጉዞው ሁለት ቀን ስለሚፈጅ ደሴ ወይም ወልድያ ማደር ግድ ነበር። ከወልድያ አንዱ መንገድ በኩልመስክ ተራራውን ይወጣል፤ ሌላው ቻይናውያን ሠርተውት በደርግ ዘመን በተጠናቀቀው የወረታ መንገድ እስከ ጋሸና ሄዶ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። የሚገርመው ገበያው በመሄጃና በመመለሻ መለያየቱ ነው። ሲሄድ ምዕመኑ በጾመ ነቢያት ላይ ነው፤ የሚፈልገው ሽሮ፣ ምስር፣ ዳቦና ሻይ፣ ለስለት የሚሆን ጧፍና ለጸበል የሚሆን ጀሪካን ነው። ሲመለስ ጾሙ ተፈቷል፤ ያኔ ሉካንዳውና ጠጅ ቤቱ ይሞላል። በእግሩ የሚሄደው ድሃ መንገደኛ ደግሞ ብር የለውም፤ በየመንደሩ እንጀራና ማደሪያ የሚሰጠው ነዋሪው ነው፤ ይህም ከበዓሉ ወጪ የሚቆጠር ነው፤ በየትኛውም ሪፖርት ግን አይገባም።

እንግዲህ የእንግዳ ቁጥር ነው ዋናው የሚለው ወገን ገናን ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ የጎብኚው ብዛት አድጓል፤ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ ወልድያም ከዚህ ትጠቀማለች ይላሉ። መልሴ ከፊሉን እቀበላለሁ የሚል ነው። ነገር ግን ብዙ ብር የያዘው የውጭ ጎብኚ በአብዛኛው ላሊበላ የሚገባው በአውሮፕላን ነው፤ ወልድያን ከሰማይ አይቷት ያልፋል። በወልድያ ሻይ የሚጠጣው፣ አልጋ የሚይዘው፣ ሙዝ የሚገዛው የአገር ቤቱ ምዕመን ነው። እሱም የሚመጣው ለአንድ ሳምንት ነው። ያን ሳምንት የአልጋ ዋጋ ይጨምራል፣ ባጃጁ ይወደዳል፣ ዘይትና ቲማቲም የከተማው ድሃ ከሚችለው በላይ ይሆናል፤ ሆቴል ያለው ሲያተርፍ ደመወዝተኛው ይከስራል። ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ግን በሰንበቴ፣ በማኅበር፣ በተዝካር፣ በሰርግ፣ በኢድና በመውሊድ ነው። የአንድ ሳምንት ጎርፍና ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ምንጭ አንድ አይደሉም፤ የሚያጠጣው ምንጩ ነው።

በቅርብ ዓመታት በዓልን ወደ መድረክ የማምጣት ፍላጎት በርትቷል። ከፍልሰታ ጾም መፈታት ጀምሮ ልጃገረዶች የሚጫወቱት ጨዋታ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ ይባላል። ጨዋታው ከቤት ቤት የሚዞር ነው፤ ልጆቹ ለምለሙን ቅጠል በወገባቸው አስረው የቤቱን ባለቤት እያወደሱ ይዘፍናሉ፣ የተሰጣቸውን ይካፈላሉ። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም የነሱ ነው። መድረክ ሲተከል፣ ስፖንሰር ሲመጣ፣ ታዋቂ ዘፋኝ ሲጋበዝ ግን ልጃገረዷ ተመልካች ወይም አጃቢ ትሆናለች፤ ገንዘቡም ወደ ድምፅ ማጉያ አከራይና ወደ ቲሸርት አሳታሚ ይሄዳል። በዓሉ ታውቋል፣ ማንም አይክድም፤ ለእንግዳው ጥሩ ነው። ለቆቦዋ ልጅ ግን ምን ቀረላት ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚህ የሚልቀው ምሳሌ ስታዲየሙ ነው። በሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስም የተሰየመውና 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው የወልድያ ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም በታላቅ ድምቀት ሲመረቅ ከተማዋ ከዚያ በፊት የማታውቀው ዓይነት በዓል ሆኖ ነበር። የወልድያ ከተማ ክለብም ያን ጊዜ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ነበረ። በኅዳር 2010 ዓ.ም ከመቀሌ ከተማ ጋር ሊያደርገው የነበረው ጨዋታ በግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ፤ በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻም ክለቡ ከሊጉ ወረደ። ሕንፃው መሠራቱን አልቃወምም፤ የወልድያ ወጣት የሚገባው ነው። ነገር ግን የምረቃ ዕለት ሕዝብ የከተማ ገቢ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም።

በዓል ከነዋሪው እጅ ሲወጣ የሚመጣውን ጉዳት ወልድያ በጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም በመራራ ሁኔታ አየችው። ቃና ዘገሊላ ነበር፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ የሚመለስበት ዕለት፣ ብዙ ሕዝብ የሚወጣበት ነው። ወጣቶች ታቦቱን አጅበው በመንግሥት ላይ ተቃውሞ ያዘለ ዜማ ሲያሰሙ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ ቢያንስ ሰባት ሰው መሞቱን የሚገልጽ መረጃ እንደደረሰው ገልጾ ስጋቱን ተናገረ። ቁጣው ወደ ቆቦና ወደ መርሳ ተሻግሮ ተጨማሪ ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ተቃጠለ፣ ሱቆች ተዘጉ፣ መንገድ ተቋረጠ። የዚህ ማስረጃ ትርጉም አከራካሪ ነው። አንዳንዱ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት በዓል በራሱ አደጋ ነው፣ ቁጥጥሩ መጥበቅ አለበት ይላል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። ለታቦት መንገድ የሚያጸዳው፣ ምንጣፍ የሚያነጥፈው፣ ግፊያ እንዳይኖር እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚቆመው የሰፈሩ ወጣት ነው፤ ሽማግሌ፣ ካህንና የሙስሊም ጎረቤትም አለ። ሥርዓቱ የሚጠበቀው በነዚህ ነው። የዚያን ቀን የጠመንጃ ኃይል በነሱ ቦታ ገባ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም አየው። ከሟቾቹ ሐዘን ጋር ሲነጻጸር የነጋዴው ኪሳራ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም በቀጣዮቹ ሳምንታት በሩን መክፈት ያልቻለው ሰው በዓልን እንደ በረከት ማየት ከብዶት ቆይቷል።

ይህን የመተካካት ታሪክ አሳምረህ ጻፍከው የሚለኝ ሰው ይኖራል። ወሎ መቻቻልን ብቻ ሳይሆን ግዳጅንም አይቷል፤ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎ ሙስሊም መሪዎች ክርስትና እንዲነሡ አዘው ብዙ ሰው በግዳጅ ተጠምቋል፣ ያልፈቀደው ተሰድዷል፣ ተዋግቷል። እውነት ነው፣ ሊሸፈን አይገባም። ነገር ግን ግዳጁ የመጣው ከየት ነው ብለን ብንጠይቅ ከገበያው አይደለም፤ ከላይ፣ ከሥልጣን ነው። ግዳጁ ሲላላ ሰው ወደ ቀድሞ ኑሮው ተመለሰ፤ ቤተሰቡም ሁለት እምነት ይዞ ቀጠለ። ከቦሩ ሜዳ በኋላ ሁለቱ ቢላዋዎች አሁንም አብረው በአንድ ድግስ መቅረባቸው ልማዱ ለእንግዳ ታይታ የተሠራ እንዳልሆነ ያሳያል። ከላይ የመጣ ነገር ከነዋሪው ኑሮ ምን ያህል እንደሚርቅ በ1977 ዓ.ም ረኀብ ጊዜም ታይቷል፤ መንግሥት አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በመስከረም 1977 በታላቅ ወጪ ሲያከብር የወሎ ገበሬ በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። ከአንድ አገር ሕዝብ ሕይወት የተነጠለ ክብረ በዓል ምን ሊመስል እንደሚችል ከዚያ በላይ የሚናገር የለም።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ወልድያ በጦርነቱ ተይዛ በነበረችበት ጊዜ እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና መውሊድ አልፈዋል። ባንክ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ መንገድ ታጥሮ የዋሉ በዓላት ነበሩ፤ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ይቅርና የጎረቤት ወረዳ ሰውም መግባት አልቻለም። ከተማዋ ነጻ ስትወጣ ገና ከሦስት ሳምንት ያነሰ ቀርቶት ነበር፤ የላሊበላውም መንገደኛ እንደገና መውጣት ጀመረ። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭትም የመንገዱ ነገር በየጊዜው የሚያጠራጥር ሆኗል። ይህን ያየ ሰው ለወልድያ በዓል የሚወጣው ዕቅድ ከሆቴል አልጋ ብዛት መጀመር የለበትም ቢል ምክንያት አለው። ከጉልት ይጀመር፤ ሽንኩርትና በርበሬ የሚሸጡት ሴቶች በበዓል ዋዜማ ከቦታቸው ሳይነሱ የሚቀመጡበት ስፍራ ይለይ፣ የበግ ተራው ውኃና ጥላ ይኑረው፣ የታቦቱን መንገድ የሚያስተናብሩት የሰፈሩ ወጣቶች ቀድመው ከሽማግሌዎች ጋር ይምከሩ፣ የመውሊዱን ለሙስሊሞቹ የጥምቀቱን ለካህናቱ ብቻ ሳይተው ሁለቱም ወገን በሁለቱም በዓል ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጥ። ይህን ለማድረግ መንገድ እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም።